አንገቱ ባዶ የሆነ ልጅ

የሕፃን ፓውደር ሽታ አልወድም። ሌሎች እናቶች ፓውደር ሲሸቱ የልጃቸው ገላ ነው ትዝ የሚላቸው። እኔ ላይ ግን የሚመጣብኝ ዝናብ የሚደበድበው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመቀስ ድምፅና ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄን አጥቤ አንገቷ ላይ ፓውደር ስነሰንስ እጄ መሃል ላይ ቆመ። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳትና ቀሚሷን አለበስኳት።

ስድስት ዓመት የሞላት ቀን ነበር። ፉሪ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ፊኛ ተሰቅሏል፣ ባለቤቴ ለስላሳ ሊያመጣ ወጥቷል፣ ወንድሜ ደግሞ ከሱሉልታ እየመጣ ነበር። «ሚኒባስ ውስጥ ነኝ» ብሎ ደውሏል። እሱ ከደረሰ በኋላ የሆነውን ከመናገሬ በፊት የድሮውን ልንገራችሁ። ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ለእናንተ ሳይቀለኝ አይቀርም።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ያደግነው ቡራዩ ነው። እሱ ምትሃት ያሳያል፣ እኔ ክላውን ነኝ። ልደት፣ የወላጆች ቀን፣ የአፀደ ሕፃናት ምርቃት ሲሆን እንጠራለን። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ልጅ ያለበት ግቢ ሁሉ ያውቀናል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ፊቴን የማነጣው በቫዝሊንና በሕፃን ፓውደር ነበር። መጀመሪያ ቫዝሊኑን ወፈር አድርጌ እቀባለሁ፣ ፓውደሩን እነሰንስበታለሁ፣ ከዚያ የእናታችንን ሊፒስቲክ ከጆሮ እስከ ጆሮ አሰምርበታለሁ። አፍንጫዬን ከስፖንጅ ቆርጬ ቀይ ቀለም የነከርኩት ራሴ ነኝ። ልጆች «አፍንጮ» ይሉኛል። ስሜን ረስተው በመንገድ ላይ አፍንጮ ብለው የሚጠሩኝ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ፤ እናታችን በዚህ በጣም ትናደድ ነበር።

ሰው ፊት ቆሞ የሚሠራ ሥራ መበላሸቱ አይቀርም። ሰበታ አንድ ልደት ላይ ወንድሜ እጅጌው ውስጥ የደበቀው እንቁላል ፈንድቶ አስኳሉ በክርኑ በኩል ወረደ። ሱሉልታ ደግሞ እርግባችን ከኮፍያው አመለጠችና የድንኳኑ ማገር ላይ ወጣች፤ ከዚያ ላይ ሆና ኬኩን ምን እንዳደረገችው አልነግራችሁም። ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነበረን። ወንድሜ ነገር ሲበላሽበት ፊቱን ሳይለውጥ «ወለሉ ያንሸራትታል» ይላል። ለሕዝቡ የሚናገር ይመስላል፣ ግን ለእኔ ነው። ያንን ስሰማ የትም ልቁም የት፣ ዘጭ ብዬ በቂጤ እወድቃለሁ። ልጆቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረው ይንከተከታሉ። እሱ በዚያች ቅጽበት አስኳሉን ይጠርጋል፣ የወደቀውን ያነሳል፣ የጠፋበትን ያገኛል። ስንት ሳምንት በእናታችን ፍራሽ ላይ የተለማመድኩት አወዳደቅ ነው፤ እግር እንዴት እንደሚቀድም፣ ጀርባ እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ጫማ እንዴት እንደሚወልቅ። እሱ ይሳሳታል፣ እኔ እወድቃለሁ፣ ሕዝቡ ይስቃል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወደድለት የክሩ ጨዋታ ነበር። አንድ ልጅ ወደ መድረክ ይወጣል። ወንድሜ ረዘም ያለ ጥቁር ክር አንገቱ ላይ ያጠልቅለትና ከፊት በኩል ሳብ አድርጎ በመቀስ ይቆርጠዋል። ልጆቹ ይጮኻሉ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ይቋጥርና «ቋጠሮው ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። «ይጥፋ! ይጥፋ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። እፍ ይልበታል፤ ቋጠሮው የለም፣ ክሩም ደህና ነው። ምስጢሩ ቀላል ነው። የሚቆረጠው መዳፉ ውስጥ የደበቃት ሌላ ቁራጭ ክር ናት። አሁን ብነግራችሁ የሚጎዳ ሰው የለም።

ግን በእኛ አገር ሰው አንገት አጠገብ ክር መቁረጥ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ማተብ አለ። ክርስትና ሲነሳ የታሰረለትን ክር እንኳን በመቀስ፣ በእጅም ሲነካበት ደስ የሚለው ሰው የለም። ለምን ነጭ ክር አትጠቀሙም እንዳትሉኝ፤ የልጆቹ ሸሚዝ ነጭ ስለሚሆን ከኋላ ለተቀመጠ ሰው አይታይም። ስለዚህ ሕግ አወጣን። ለክሩ ጨዋታ የሚወጣው አንገቱ ባዶ የሆነ ልጅ ብቻ ነው። መምረጡ የእኔ ሥራ ነበር። በልጆቹ መካከል እየዞርኩ ኮሌታቸው ሥር እኮረኩራቸዋለሁ። እነሱ ጨዋታ ይመስላቸዋል፣ ይፍለቀለቃሉ፤ እኔ ግን እየፈተሽኩ ነው። ጣቴ ክር ከነካ ሳቅ ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ባዶ ሲሆን እጁን ይዤ አወጣዋለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከቤት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ እዚያው ቡራዩ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የግል አፀደ ሕፃናት ምርቃት ተጠርተን ነበር። ጠዋት ዕቃችንን ስናሰናዳ ወንድሜ ቀለል አድርጎ «ዛሬ አንድ ሰውዬ ሊያየኝ ይመጣል» አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ትርኢት የሚያዘጋጅ ቡድን ነበረ፤ ሰውዬው ከእነሱ ነው።

«ሊያየን ነው ወይስ ሊያይህ?»

መቀሱን በጨርቅ ሲጠቀልል ቆየ።

«ክላውን አላቸው እቱ።»

«እና እኔስ?»

«አንቺማ… ቆይ እስኪ፣ መጀመሪያ ይየኝ። ምናልባት አይወደኝም።»

እንደሚወደው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እንደ እሱ ያለ እጅ ያለው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ባጃጅ ውስጥ ጉልበታችን እየተነካካ አንድ ቃል አላናገርኩትም። ኩርፊያዬ የታወቀ ነው፣ ዛሬም ባለቤቴ ይመሰክራል። እውነቱን ለመናገር ግን ኩርፊያ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቼ ነበር። እሱ ከሄደ እኔ ምን ልሆን ነው? የሚሳሳት ሰው ከሌለ የእኔ መውደቅ ለማን ይጠቅማል? ይህን እያሰብኩ ደረስን።

አዳራሹ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነበር። ገና ሳንጀምር ዝናቡ ወረደ። የረጠበ ሹራብ፣ የፋንዲሻና ከላስቲኩ ገና የወጣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ተቀላቅሎ ይሸት ነበር። ልጆቹ ሰማያዊ የምርቃት ጋዋን ለብሰው፣ የካርቶን ቆብ ደፍተው ከፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወላጆች ከኋላ በፕላስቲክ ወንበር ናቸው፤ ነጠላ ያጣፉ አሉ፣ ሂጃብ ያደረጉ አሉ፣ ወሬው በአማርኛም በኦሮምኛም ነው። በሩ አጠገብ ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ ልጅም አበባም ያልያዘ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጧል። ማን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ለወንድሜ እንደዚያ ቀን ሆኖለት አያውቅም። ሳንቲሙ፣ ካርታው፣ መሐረቡ፣ ሁሉም ታዘዘለት። «ይጥፋ!» ሲሉት ያጠፋል፣ «ይምጣ!» ሲሉት ያመጣል። «ወለሉ ያንሸራትታል» የምትለዋ ቃል አንዴም ከአፉ አልወጣችም። እኔ በትልልቅ ጫማዬ ዳር ቆሜ መውደቂያ አጣሁ። ባለ ቡናማ ጃኬቱ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አድርጎ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ያያል። ዓይኑ ወንድሜ ላይ እንጂ እኔ ላይ አንዴም አላረፈም።

«አፍንጮ፣ ጓደኛ አምጪልኝ!» አለ ወንድሜ። ክሩ ላይ ደርሰን ነበር።

በልጆቹ መካከል ገባሁ። የጋዋኑ ኮሌታ ረዥምና እስከ ጉሮሮ የተቆለፈ ስለነበር ዓይን ምንም አያይም፤ ያለኝ ጣቴ ብቻ ነው። አንዱን ኮረኮርኩ፤ ክር አለው። ሁለተኛዋንም፤ ክር አላት። ሦስተኛው ባዶ ነበር፣ ግን መውጣት ፈርቶ ጓደኛው ላይ ተለጠፈ። ያኔ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ሹሩባዋ ላይ ነጭ ሪባን የታሰረላት ልጅ ራሷ ተነስታ እጄን ያዘች። «እኔ! እኔ!» አለች። ኮሌታዋ ሥር ጣቴን አስገባሁ።

ክር ነበር። ቀጭን፣ በገላዋ የሞቀ ክር።

ለዓመታት ለራሴ አልነካሁትም እል ነበር። የጋዋኑ ስፌት መስሎኝ ነው እል ነበር። ውሸት ነው፤ ነክቼዋለሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩትንም አልረሳሁትም። ወንድሜ አስተዋይ ነው፣ ክሩን ሲያጠልቅላት ያየዋል፣ ይደነግጣል፣ ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ያኔ ያቺን የመውደቂያ ቃላችንን ይናገራል፣ እኔ እወድቃለሁ፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ያ ሰውዬም እነዚህ ሁለቱ ካልተነጣጠሉ ነው የሚያምርባቸው ይላል። ተንኮሌ በሙሉ ይኸው ነበር። እንዲቆርጠው አልፈለግሁም። እንዲፈልገኝ ነበር የፈለግሁት። እጇን ይዤ አወጣኋት።

አላየውም። ለምን ብሎ ያያል? ሦስት ዓመት ሙሉ በእኔ ጣት ሲያይ ኖሯል። ጥቁሩን ክር በጭንቅላቷ አሳልፎ አጠለቀላት፣ ስሟን ጠየቃት፣ አሳቃት። ክሩ ኮሌታዋ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሁለት ጣቱን ወደ ውስጥ ሰድዶ ሳበው። ሁለት ክር ይዞ ወጣ፤ ማተቧ መዳፉ ውስጥ ከደበቃት ቁራጭ ጋር ተደርቦ ነበር። እኔ ከጎን ስለቆምኩ አየሁት። አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም፣ ወይም ወጥቶ ዝናቡ ዋጠው፤ ዛሬም አላውቅም። መቀሱ ቀጭ አለ።

ትንሽ የእንጨት መስቀል ከጋዋኗ ሥር ወርዳ የመድረኩ ሳንቃ ላይ ወደቀች። ሁለት ጊዜ ነጥራ ወንድሜ ጫማ አጠገብ ቆመች።

ልጅቷ እጇን አንገቷ ላይ አደረገች። «ማተቤ» አለች፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ወላጆቹ ዞራ ጮኸች። «አኮ! ማተቤን!» አኮ የምትላቸው ሴት አያቷን ነው።

እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። ወደቅሁ። ማንም ሳይጠራኝ፣ ሁለት እግሬን ሰቅዬ፣ ጫማዬ ተወርውሮ እስኪሄድ ወደቅሁ። ልጆቹ ሳቁ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እሷ እያለቀሰች ጓደኞቿ ይንከተከታሉ፣ ከኋላ ወንበር ሲገፋና ሰው ሲነሳ ይሰማል።

«ጭራሽ ይስቁባታል እንዴ!» አለች አንዲት ሴት።

«መተተኛ!» አለ ሌላ ድምፅ። «ድሮም ይሄ ነገር ደህና አይደለም ብያለሁ!»

ወለሉ ላይ ሆኜ ወንድሜን አየሁት። ቃሏን ጠበቅሁ። ይበላት እንጂ፣ ወለሉ ያንሸራትታል ይበል፣ እንደገና እወድቃለሁ፣ መቶ ጊዜ እወድቃለሁ። አልተናገራትም። መቀሱን ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎ መስቀሏን አነሳና ሳያየኝ «ተነሺ» አለኝ። «ይሄ ጨዋታ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ተሳስቻለሁ» አለ። «ማተቧን ቆርጫለሁ። ጨዋታው እንዲህ አልነበረም፤ ሳላይ ነው።» በእኛ ሥራ ይህ አይባልም። ሰው ፊት ተሳሳትኩ ካሉ ሥራው አበቃ ማለት ነው። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ደገመው፣ ሁለተኛውን በኦሮምኛ።

የልጅቷ አባት መድረኩ ላይ ወጣ። ጫማው ላይ የሲሚንቶ አቧራ የቀረበት፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣ ሰፊ ሰው ነበር። የወንድሜን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘው። «ሳታይ? የልጄን ማተብ ሳታይ?» ወንድሜ እጆቹን ወደ ታች ለቅቆ ቆመ። ዳይሬክተሯ መሃል ልትገባ ሞከረች፤ የሰማት የለም። ሦስት አራት ወንዶች ከኋላው መጡ። የትምህርት ቤቱ ጎረቤት የሆኑ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ክንዳቸውን ዘርግተው «ተዉ፣ በልጆች ፊት! ተዉ!» እያሉ መድረኩ ጫፍ ላይ አገዷቸው። እሳቸው ባይኖሩ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «እኔ ነኝ፣ ጣቴ ነክቶታል» ማለት ነበረብኝ። በነጭ ፊቴና በቀይ አፍንጫዬ ሳንቃው ላይ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ።

አያትየው እስኪደርሱ ጊዜው ረዘመብኝ። በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ሰው እየተገፋፋ መንገድ ለቀቀላቸው። መድረኩ ላይ ሲወጡ አባትየውን «ጋዲ ዺሲ» አሉት፤ ልቀቀው ማለታቸው ነው። ልጃቸው ነበርና ለቀቀው። ልጅቷን እቅፋቸው ውስጥ አስገብተው «ሂን ሶዳቲን» እያሉ፣ አትፍሪ እያሉ፣ እንባዋን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ክርስቲያን ነህ?» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«ማተብ አለህ?»

የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ አሳያቸው።

«እንግዲያው የቆረጥከውን ራስህ ቋጥረህ እሰርላት። ነገ ቄሱ አዲስ ያስሩላታል። ዛሬ ግን የልጄ ልጅ አንገቷ ባዶ ሆኖ ከዚህ አትወጣም።»

ወንድሜ ልጅቷ ፊት ተንበረከከ። ዓይን ሳይደርስባቸው ሳንቲም የሚያጠፉት ጣቶቹ ሁለት ጫፍ ክር ማገናኘት አቃታቸው። መስቀሏን ክሩ ውስጥ አስገባ፣ አመለጠችው። እንደገና አስገባት፤ አሁን ደግሞ ክሩ ራሱ አመለጠው። አባትየው ከጀርባው ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዝናቡ በቀር በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ የለም። አፍንጫዬን አውልቄ በጡጫዬ ጨምቄ ይዤ ነበር፤ ቀዩ ቀለም በላቤ እየሟሟ ክንዴ ላይ ይወርዳል። በሦስተኛው ቋጠረው። ሳብ አድርጎ አጠበቀው።

ያኔ ከፊት ከተቀመጡት ልጆች አንዱ «ይጥፋ!» አለ።

ምን ያድርግ፣ ጠዋቱን ሙሉ ያስተማርነው ያንን ነው። ሌላው ተቀበለው። «ይጥፋ! ይጥፋ!» አሉ ሁሉም፣ እያጨበጨቡ፣ የካርቶን ቆባቸው እየወደቀ። መምህራኑ ጸጥ በሉ እያሉ ቢሮጡም አልሆነም። ልጅቷም ማልቀሷን አቁማ ወንድሜን አየችው። እሷም እየጠበቀች ነበር።

«አጥፋው» አለችው።

ወንድሜ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገ።

«ይሄኛው አይጠፋም፣ የኔ እናት» አላት። «ይሄኛው ይታያል።»

አያትየው ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት። «ደህና ታስሯል» አሉና የልጅቷን እጅ ይዘው ወረዱ። አባትየው ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ተከተላቸው። ቀና ብዬ ወደ በሩ ሳይ የዚያ ሰውዬ ወንበር ባዶ ነበር።

ዝናቡ ሳያባራ ወጣን። ፓውደሩ እየታጠበ አፌ ውስጥ ይገባል፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ወንድሜ ሻንጣውን ተሸክሞ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ልነግረው ፈልጌ «ስማ» አልኩት። ሁለት ጊዜ ስጠራው መንገዱን ቀጠለ። በሦስተኛው ቆመ።

«ኮሌታው ነው» አለ። «ኮሌታው ረዥም ነበር፣ አንቺ ምን ታደርጊ። እኔ ማየት ነበረብኝ።» ጥቂት እንደሄደ ደግሞ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

እፎይ አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። እሱ ያን ሁሉ ተሸክሞ እየሄደ እኔ በጭቃው መሃል ቆሜ እፎይ አልኩ።

ወሬው ቀድሞን ሰፈር ደረሰ። ማተብ የሚበጥስ መተተኛ ተባለ። አያትየው በየሄዱበት ነገሩን ሲያበርዱ እንደነበር በኋላ ሰማሁ፤ አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝተውኝ «ያ ወንድምሽ ደህና ነው?» ብለውኛል። ሰው በጥቂት ወር ረሳው፣ እንደውም ለመስከረም ሁለት ልደት ተጠርተን ነበር። ወንድሜ ግን እምቢ አለ። ያ ሰውዬ አልደወለም፣ እሱም አልደወለለትም። መቀሱን ለእናታችን ሰጣት። እርግቧን ለቀቃት፤ ሁለት ቀን ጣሪያችን ላይ ቆይታ ሄደች። ከዚያ ስልክ ጥገና ተማረ። አሁን ሱሉልታ ትንሽ ሱቅ አለው። ደንበኞቹ እጅህ ምትሃት ነው ሲሉት እንደማይወድ ሚስቱ ነግራኛለች። እኔ ሰበታ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ቀይዋን አፍንጫ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫት ነበር፣ ቤት ስንቀይር ጠፋች።

አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ አሻንጉሊት በፌስታል ይዞ ገባ፤ ፀጉሩ ሳሳ ብሏል፣ ጣቶቹ ያው ናቸው። የጎረቤት ልጆች ሳሎኑን ሞልተውታል። ልጄ የኬኩ ካርቶን የታሰረበትን ክር ፈትታ መጣች።

«አጎቴ፣ እማ አጎትሽ ድሮ ማጂክ ይችል ነበር ብላኛለች። አሳየን!»

«እጄ ረስቷል» አላት።

አለቀቁትም። እጁን እየጎተቱ ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። ክሩን ተቀበላት፣ በጣቱ ጠቀለለው፣ ፈታው። ከዚያ ሌላ ምንም ከማድረጉ በፊት ወደ ልጄ ጠጋ አለና የቀሚሷን አንገት በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። በቀኝም አየ፣ በግራም አየ። ማተቧን ሲያገኝ አንገቷን እንደነበረ መልሶ ሸፈነላት፣ ክሩንም አንገቷ ላይ ሳይሆን እጇ አንጓ ላይ ጠመጠመላት።

የፓውደሩ ሽታ እኔ ጋ ድረስ መጣ። የእኔ ጣት ያን ቀን ሊሠራው የሚገባውን የእሱ ጣት ሲሠራ አየሁ። የያዝኩትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ያን ቀን» አልኩ። ልጆቹ ይሰማሉ፣ ግድ አልሰጠኝም። «ያን ቀን እኮ… ኮሌታው አልነበረም። ጣቴ…»

ቀና ብሎ አላየኝም። ክሩን በልጄ እጅ ላይ እያስተካከለ፣ ለልጆቹ የሚናገር መስሎ «ወለሉ ያንሸራትታል» አለ።

ያኔ ገባኝ። ከጭቃው መንገድ ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም፣ የሳሎናችን ወለል ደግሞ ሴራሚክ ነው። ወደቅሁ። ሁለት እግሬን ሰቅዬ፣ ነጠላ ጫማዬ ሶፋው ሥር እስኪገባ ወደቅሁ። ልጄ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ጓደኞቿም ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ። እያለቀስኩ መሆኔን እንዳያዩ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

ሳቁ በረድ ሲል ሰው አጠገቤ ቁጢጥ ማለቱ ታወቀኝ። እጄን ከፊቴ አነሳልኝ።

«ተነሺ እቱ» አለኝ ወንድሜ። «በቃሽ።»